ጀርቢሎቹና የአያቴ ላም

ባለፈው መስቀል ነው። ጉንችሬ፣ አያቴ ቤት፣ ክትፎው ቀርቦ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልደግም ስልኬ ጮኸ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል መስሎኝ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ስክሪኑን የሞላው ግን የአሥር ዓመት ልጇ ያበጠ ዓይን ነበር። እኛ ጋ ቀትር ነው፤ እነሱ ጋ ገና መንጋቱ ነው። ከልጅቷ ጀርባ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ይታያል። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ቡናማ ፍጥረት በኋላ እግሮቿ ቆማ ወደ ካሜራው ታያለች። ጅራቷ ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ ጸጉር አለው። አይጥ አይጥ ትላለች እንጂ የቤት አይጥ አይደለችም። ጀርቢል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ሁለት እህትማማች ጀርቢሎች ነበሯት። ነሐሴ ላይ አንዷ ታማ ሞተች። የቀረችው መብላት ቀነሰች፣ ጥግ ይዛ መተኛት አበዛች። እናትና ልጅ የቤት እንስሳት መሸጫ ሄደው ጓደኛ ትሁናት ብለው ሌላ ገዙ። ሻጩ «አብራችሁ ጨምሯቸው፣ ራሳቸው ይላመዳሉ» አላቸው። ማታ ጨመሯቸው። ተሸታተቱ፣ ተሯሯጡ። ልጅቷ የሚጫወቱ መስሏት እየሳቀች ተኛች። ጠዋት አዲሷ ሞታ ተገኘች።

«ገዳይ ናት። አልፈልጋትም፣ ሱቁ ይውሰዳት» ትላለች ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች። እናቷ ደግሞ ስልኩን ነጥቃ «አንተ ኢንተርኔት ላይ አይደል የምትውለው፣ እስኪ የሆነ ነገር በላት» አለችኝ። ሶፍትዌር መጻፍ ማለት ለቤተሰቤ ሁሉን ማወቅ ማለት ነው። የተበላሸ ፕሪንተርም፣ የሞተ አይጥም እኔን ይመለከተኛል።

አያቴ «ምን ሆኑ?» አለች በእነሞርኛ። ነገርኳት። መጀመሪያ አይጥ በገንዘብ መገዛቱን ሰምታ ሻሽዋ እስኪወልቅ ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠየቀችኝ፦ «በመጀመሪያው ማታ ነው አንድ ላይ ያስገቧቸው?»

«አዎ።»

«እንግዳ እንዲህ አይገባም» አለች፤ ወደ ክትፎዋ ተመለሰች።

ለልጅቷ የአንድ ሳምንት ጊዜ ስጪኝ፣ እስከዚያ ወደ ሱቅ እንዳትመልሻት አልኳት። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሳምንትና ከዚያም በኋላ ያነበብኩት ነው። የጀመርኩት ለአንዲት ልጅ መልስ ፍለጋ ነበር፤ መጨረሻዬ ግን ማንቹሪያ ሆነ።

ስሟ ራሱ መንገደኛ ነው። አረቦች በረጅም የኋላ እግሯ የምትዘለውን የበረሃ አይጥ «የርቡዕ» ይሏታል። ቃሉ ወደ አውሮፓ ሲሻገር «ጀርቦዋ» ሆነ፣ ከእሱ ደግሞ «ትንሿ ጀርቦዋ» እንደማለት «ጀርቢል» ወጣ። የዚህ ቤተሰብ አባላት ከአፍሪካ እስከ ቻይና በደረቅ አገር ሁሉ አሉ። እኛም አገር አሉ፤ አፋር፣ ኦጋዴን፣ ስምጥ ሸለቆ። ዴሬክ ያልደን የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የኢትዮጵያ አጥቢ እንስሳት ዝርዝር ላይ ከሌሎቹ አይጦች ጋር ተመዝግበዋል። እኛ ግን ለይተን ስም አልሰጠናቸውም፤ ሁሉም «የበረሃ አይጥ» ነው፣ ሥራውም እህል መብላት ነው። መስታወት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ የሱፍ ፍሬ የሚቀልባቸው ሰው አላየሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ግን የሩቅ ምሥራቅ ዘር ናት። አርማን ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሰሜን ቻይና ወደ ፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም «ቢጫ አይጦች» ብሎ ናሙና ላከ። ሰውዬው ስብከቱን ሳይሆን ስብስቡን ነው ዓለም የሚያስታውስለት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ፓንዳን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። በ1867 አልፎንስ ሚልን ኤድዋርድስ ለቢጫዋ አይጥ ሳይንሳዊ ስም አወጣላት፦ ሜሪዮኔስ ኡንጉዊኩላቱስ። ሁለተኛው ቃል «ባለ ጥፍር» ማለት ነው። ሜሪዮኔስ ደግሞ በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ከቀርጤስ የዘመተ አንድ ጦረኛ ስም ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ስሟን «ባለ ጥፍሯ ጦረኛ» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህንን ለልጅቷ ለመንገር ትንሽ ፈርቼ ነበር፤ የክስ ማስረጃ ይሆንባታል ብዬ።

ከዚያ ለሰባ ዓመት ያህል ማንም ብዙ ትኩረት አልሰጣትም። የዛሬዎቹ የቤት ጀርቢሎች ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ካሱጋ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በአሙር ወንዝ ተፋሰስ፣ ሞንጎሊያና ማንቹሪያ በሚዋሰኑበት ምሥራቃዊ ሣር ምድር፣ 20 ጥንድ ጀርቢሎች ያዘና ወደ ጃፓን፣ ወደ ኪታሳቶ ኢንስቲትዩት ወሰደ። አንድ የጃፓን ሳይንቲስት በ1935 ማንቹሪያ ውስጥ እንደ ልቡ አይጥ የሚይዘው እንዴት ነው? ጃፓን በ1931 አገሩን በጉልበት ይዛ፣ በቀጣዩ ዓመት «ማንቹኩዎ» የሚባል የስም መንግሥት አቁማበት ስለነበር ነዋ። የመንግሥታት ማኅበር አወገዘ፤ ጃፓን በ1933 ማኅበሩን ትታ ወጣች፤ ሌላ ነገር አልመጣባትም። ሮም ውስጥ ያለው ሰውዬም ይህንን አየ። በዚያው በ1935፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ጄኔቫ ላይ እኛን ያዳመጠን ማኅበር ማንቹሪያ ላይ የተለማመደ ማኅበር ነበር። አይጥ ፍለጋ ሄጄ አድዋ ጎዳና ላይ መውጣቴ አስገረመኝ፤ ግን የዚያን ዘመን ታሪክ የትም ብትቆፍሩት ወደዚያው ያወጣል።

ወደ አይጦቹ ልመለስ። በጃፓን ላቦራቶሪዎች ተራቡ፤ ጦርነቱንም አለፉ። በ1954 ቪክቶር ሽዌንትከር የተባለ አሜሪካዊ የላቦራቶሪ እንስሳት አርቢ 11 ጥንድ ከጃፓን አስመጥቶ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ታምብልብሩክ በሚባለው እርሻው አስቀመጠ። ከእነዚህ መካከል ዘር የተኩት 5 ሴቶችና 4 ወንዶች ናቸው። ዘጠኝ! የአሜሪካ የላቦራቶሪ ጀርቢሎች የወጡት ከእነዚህ ዘጠኝ ነው፤ ቤት ለቤት የተሠራጩትም የእነሱው ልጆች ናቸው። በ1964 ከዚያው ዘር ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ።

ሳይንቲስቶች የወደዷቸው በብዙ ምክንያት ነው። ከሚያስገርሙት አንዱ፣ ከአንገት ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት የፊትና የኋላ ሥሮች ብዙዎቹ ላይ አለመገናኘታቸው ነው። ሰው ላይ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላው ሊደርስለት ይችላል፤ ጀርቢል ላይ ግን አንድ ሥር መዝጋት ብቻ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የስትሮክ ምርምር መሣሪያ ሆኑ። በሌላ በኩል ብዙም አይነክሱም፣ ከቤት አይጥ ያነሰ ይሸታሉ፣ የበረሃ ፍጥረት ስለሆኑ ሽንታቸው ጥቂት ነው፣ ቀንም ይነቃሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው አንድ ሁለቱን ኪሱ ከትቶ ለልጆቹ ቢወስድ አይደንቅም። በ1960ዎቹ ውስጥ ከላቦራቶሪ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ልጆች መኝታ ክፍል ገቡ። ካሊፎርኒያ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለቻቸውም፤ አምልጠው በረሃዬን ይወርሩታል ብላ ጀርቢል ማሳደግን ከልክላለች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ልጅቷ የገዛቻት «እንግዳ» ጀርቢልና ቤት የነበረችው «ባለቤት» ጀርቢል፣ ሁለቱም የሽዌንትከር ዘጠኝ ዘሮች ናቸው ማለት ነው። የአያት የቅድመ አያት ልጆች። አንዷ አንዷን የገደለቻት ዘመዷን ነው። ይህንን ለአያቴ ስነግራት ምንም አልደነቃትም፤ «በድንበር የሚካሰሰው ማን ሆነና፣ ዘመድ አይደለም?» አለችኝ።

ታዲያ በምን ነው የሚተዋወቁት? በደም አይደለም። በሽታ ነው።

ጀርቢል ስትገለብጧት ሆዷ መሐል ላይ ጸጉር የሌለው፣ ሞላላ፣ ቢጫ መሳይ ነገር ታያላችሁ። ብዙ አዲስ ባለቤት ቁስል መስሎት ወደ ሐኪም ይሮጣል። የቅባት እጢ ነው። ጀርቢል ድንጋይ ላይ፣ እንጨት ላይ፣ ልጆቿ ላይ ሆዷን እየጎተተች ስታልፍ ፊርማዋን እያኖረች ነው። ዴልበርት ቲሰን የተባለ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1968 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ ይህ የወንዱ ምልክት አጣጣል በወንዴ ሆርሞን እንደሚመራ አሳዩ፤ ሲኮላሽ ምልክት ማድረጉ ይቀንሳል፣ ሆርሞኑ ሲሰጠው ይመለሳል። በ1976 ደግሞ ዙሌይማ ሃልፒን ጀርቢሎች በሽታ እያንዳንዱን ግለሰብ ለይተው እንደሚያውቁ የሚያሳይ ሥራ አሳተመች። ማለትም «ጀርቢል ሸተተኝ» ብቻ አይደለም የሚሉት፤ «እከሌ ናት» ነው የሚሉት። ወይም «ይህቺን አላውቃትም»።

የዱሮቹን ኑሮ በ1980ዎቹ ስዊድናዊው ዮራን ኦግሬን ከቻይና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ኢነር ሞንጎሊያ ሣር ምድር ላይ ተከታተለ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ድንበር። ክረምቱን የሚያልፉት በጋራ ባከማቹት ዘር ነው። የማያውቁት ጀርቢል ወደ ድንበሩ ከገባ ያሳድዱታል፤ ይሮጣል፤ ሣር ምድሩ ሰፊ ስለሆነ ነገሩ እዚያ ያበቃል። አሁን ይህንኑ ነገር ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል በሆነ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስቡት። ባለቤቷ ታሳድዳለች፤ እንግዳዋ ትሮጣለች፤ መስታወት። ዞራ ትሮጣለች፤ መስታወት። ሣር ምድር ላይ በሠላሳ ሴኮንድ የሚያልቀው ጠብ ሳጥን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። የእኔ ሙያ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠሩበት ስም አላቸው፤ መውጫ የሌለው ሉፕ።

ላቦራቶሪዎቹ ይህንን ቀድመው አውቀውት ነበር። ጥንድ የሚያደርጓቸው ገና ጉርምስና ሳይገቡ፣ በሁለት ወር አካባቢ ነው። ያደጉ ሁለት እንግዶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ዝም ብሎ መቀላቀል ደም ያፈሳል። ጥንዱ አንዴ ከተላመደ ዕድሜ ልኩን አብሮ ይኖራል፤ አንዱ ሲሞት የቀረው ብዙ ጊዜ ሌላ አይቀበልም። ይህ ሁሉ ለላቦራቶሪ ሠራተኞች በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ከአሥርት ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። ሻጩ ጋ አልደረሰም።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህንኑ ነው፣ አሳጥሬ። ቤቷን ስትጠብቅ ነው እንጂ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሌላዋም መሮጫ አጥታ ነው አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው?»

ወዲያው «አይደለም» አልኳት። ዕውቀቱ እያለ ያልነገሯችሁ አዋቂዎች ጥፋት ነው አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

በዚያ ማታ ነው አያቴን ስለ ላሟ እንድታወራኝ የለመንኳት።

እነሞር ውስጥ ለማታውቁ፦ የጥንቱ የጉራጌ ቤት ትልቅ ክብ ሳር ቤት ነው፣ መሐሉ ምሰሶ። ሰውም ከብትም ማታ በዚያው ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ከብቶቹ በአንዱ ወገን፣ በየግንዳቸው ታስረው። ይህ ድህነት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። እንሰት ፍግ ይፈልጋል። ፍጉ ጠዋት ጠዋት ከቤት ተጠርጎ ጓሮ እንሰቱ ሥር ይገባል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ ርዕስ «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎታል፤ ትክክል ነው፣ ግን ከእንሰቱ ጀርባ ላም አለች። ከብት የሌለው ሰው እንሰቱ ይከሳል፣ እንሰቱ የከሳ ሰው ቆጮው ያንሳል።

እኔ ልጅ ሆኜ አያቴ አንዲት ጥቁር ላም ነበረቻት፤ ኃይለኛ። አንድ ዓመት የጎረቤት ሰው የርቢ ላም ሰጣት። የርቢ ማለት ባለቤቱ ላሚቱን ይሰጥሃል፣ አንተ ታበላለህ፣ ወተቱንና ፍጉን ትጠቀማለህ፣ ጥጃው በስምምነት ይካፈላል። ስለዚህ የርቢ ላም ብትሞት የሞተችው ላም ብቻ አይደለችም፤ በሁለት ቤት መካከል ያለው መተማመን ነው። ከዚያ በፊት ጥቁሯ አንዲት ጊደር ወግታ ሆዷን ቀድዳባት ስለነበር አያቴ ፈርታለች።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

የመጀመሪያውን ሦስት ማታ አዲሷን ከጥቁሯ ርቃ፣ መሐላቸው የእንጨት መከለያ አድርጋ አሰረቻት። እንዲተያዩ፣ እንዲሸታተቱ፣ ግን እንዳይነካኩ። ጠዋት ከጥቁሯ ሥር ያነሳችውን ጉዝጓዝ ወደ አዲሷ፣ ከአዲሷ ሥር ያነሳችውን ወደ ጥቁሯ ወሰደች። አንድ ቀን ቦታ አለዋወጠቻቸው፤ ጥቁሯ በእንግዳዋ ግንድ፣ እንግዳዋ በጥቁሯ ግንድ አደሩ። «ጥቁሯ ሌሊቱን ሙሉ ስታሸት አደረች» አለችኝ። መጀመሪያ ያለ መከለያ የተገናኙት ደግሞ ቤት ውስጥ አይደለም፤ ጀፎረ ላይ ነው።

ጀፎረ በቤቶቹ ፊት የሚዘረጋው ሰፊው የሣር መንገድ ነው፤ የሁሉም ነው፣ ስለዚህ የማንም አይደለም። ሠርግ እዚያ ነው፣ ለቅሶ እዚያ ነው፣ ከብት እዚያ ይግጣል። ማንም አጥሩን ገፍቶ ሊገባበት አይችልም፤ ሽማግሌ አለ፣ ደንብ አለ። ጥቁሯ እዚያ የምትጠብቀው ግንድ የላትም። እንግዳዋ ደግሞ መሸሽ ብትፈልግ ቦታ ሞልቷል። ቀንድ ለቀንድ ገጠሙ፣ ተገፋፉ፣ አንዷ ዞር አለች፤ አለቀ። ማታ አንድ ላይ ገቡ።

ስልኬን አውጥቼ በዚያ ሳምንት ስለ ጀርቢል ያነበብኩትን አየሁት። መከለያው፣ የጉዝጓዙ ልውውጥ፣ የቦታው ልውውጥ፣ የማንም ያልሆነው ሜዳ። አንድ ቀርቶ አንድ አልጎደለም። ከአያቴ ዘዴ የተለየው ግንዱ መስታወት መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ዕውቀት የእሷ ብቻ አይደለም። ጥጃ የሞተባት ላም ወተት ስትከለክል የጥጃውን ቆዳ በጭድ ሞልቶ ፊቷ ማቆም ከብት አርቢ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ ቆዳው ላይ የእናቲቱን ሽንት እንደሚቀቡበት ጽፏል። ላሟ ዓይኗን አታምንም፣ አፍንጫዋን ነው የምታምነው። የሌላ ላም ጥጃ እንድትቀበል ጨው ነስንሰው ያስልሷታል፤ ስትልሰው ምራቋ ይነካዋል፣ ምራቋ ሲነካው ሽታዋን ይሸታል፣ የሷ ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ሌላ ጀርቢል ለመግዛት ፈርታ ነበር። እውነቷን ነው። ብቻዋን ማቆየትም አማራጭ ነው፣ ለአንዳንድ ያረጀች ጀርቢል የተሻለ ነው። ይህቺ ግን ዓመት ተኩሏ ናት፣ መብላት አቁማለች። በመጨረሻ ከሱቅ ሳይሆን ከአንዲት አርቢ ሰባት ሳምንት የሆናት ሴት ወሰዱ። ትንሽ መሆኗ ይረዳል፤ ያልጎረመሰ ሽታ ባለቤቷን ያን ያህል አያስቆጣም።

አሠራሩን በስልክ አብረን ነው የተከታተልነው። ሳጥኑን መሐል ለመሐል በሽቦ ወንፊት ከፈሉት። ቀዳዳው አፍንጫም ጥፍርም እንዳያሾልክ ጠባብ መሆን አለበት፤ ጀርቢል በወንፊት ቀዳዳ የሾለከ ጣት ነክሳ ትቆርጣለች። ወንፊቱ ከሥርም ከላይም ክፍተት የለውም፤ ከሥር ይቆፍራሉ፣ ከላይ ይዘላሉ። በሁለቱም ወገን እኩል ውሃ፣ እኩል ምግብ፣ እኩል ጉዝጓዝ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ጉዝጓዙ አይጸዳም፣ ዓላማው ሽታው እንዲቀላቀል ነውና። ልጅቷ ሰዓቱን በእርሳስ ግድግዳ ላይ በለጠፈችው ወረቀት ላይ ትመዘግባለች። እኔ የተመን ሠንጠረዥ ሠርቼ ልኬላት ነበር፤ አልተጠቀመችበትም።

በመጀመሪያው ቀን ትልቋ ወንፊቱን ነክሳ ስታንቀጫቅጭ ዋለች። በሁለተኛው ቀንም። በሦስተኛው ሲለዋወጡ ትልቋ የትንሿን ጎጆ አፍርሳ በራሷ መንገድ መልሳ ሠራችው፤ ሆዷን እየጎተተች በሁሉም ነገር ላይ አለፈች። ልጅቷ በቪዲዮ ስታሳየኝ «ስሟን እየጻፈች ነው» አለችኝ። እኔ አላልኳትም፤ ራሷ ናት።

በስድስተኛው ቀን አንድ ነገር ተለወጠ። ሁለቱም ጎጇቸውን ወንፊቱ ሥር አደረጉ፤ በሽቦው ግራና ቀኝ፣ ጀርባ ለጀርባ ተጠግተው ተኙ። ይህ ትልቅ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተቻኩሎ ይከፍታል። አያቴ በስልክ ስትሰማ «ቆዩ» አለች። እሷ ያለችው ሦስት ማታ ላሟን ነው፣ ለነዚህ ግን ሁለት ሳምንትም አይበዛም። እስከ አሥራ አንደኛው ቀን ቆዩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀፎረ ሠሩላቸው። ማለቴ ሁለቱም ኖረውበት የማያውቁት አዲስ የፕላስቲክ ሳጥን፤ ውስጡ አሸዋና የተበታተነ የሱፍ ፍሬ ብቻ። ቤት መሰል ነገር የለም፣ አንዷ ገብታ በር የምትዘጋበት ቱቦ የለም፣ መሽከርከሪያ የለም፤ የሚጠበቅ ነገር ካለ ጠብ አለ። እናትየዋ ወፍራም የአትክልት ጓንት አድርጋለች። ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፍና በጣቶቿ መሐል ታያለች። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በቪዲዮ፤ ኔትወርኩ በየደቂቃው ይቋረጣል፣ በጣም በማይሆን ሰዓት።

ምን እንደሚጠበቅ ቀድመን አጥንተናል። ማሳደድ፣ መገፋፋት፣ ቆሞ በእጅ መቧቀስ፣ አንዷ በአንዷ ላይ መውጣት፣ ይህ ንግግር ነው፤ ዝም ይባላል። ጸጉር ቆሞ ጎን ለጎን በቀስታ መዞር ከጀመሩ እጅ ይዘጋጃል። ተጠቅልለው አንድ ኳስ ሆነው ከተንከባለሉ ግን ጊዜ የለም፤ በጓንት ይለያሉ፣ ወደ ወንፊቱ ይመለሳሉ፣ ሁሉም ነገር ከአንድ ይጀመራል። ደም ካለ ደግሞ ለዘለዓለሙ ሊሆን ይችላል።

ትልቋ ቀጥ ብላ ሄዳ የትንሿን ጅራት ሥር አሸተተች። ትንሿ ሸሸች። ትልቋ ተከተለች። ሁለት ጊዜ ሳጥኑን ዞሩ። ስክሪኔ ቀጥ አለ፤ ሁለቱም በሩጫ ላይ ደርቀው ቀሩ። ለአርባ ሴኮንድ ያህል የልጅቷን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው፤ ምን እንደምትል አይገባም። ሲመለስ ትንሿ ጀርባዋን አጎንብሳ ወለሉ ላይ ተለጥፋለች፤ ትልቋ ከላይ ሆና አንገቷን በጥርሷ ታበጥራለች። አልነከሰችም። እያበጠረች ነው፤ ጆሮዋ ሥር፣ ከዚያ ዓይኗ አጠገብ።

ለአራት ሰዓት ያህል ከአጠገባቸው አልተነሡም። ማታ፣ ሁለቱ ያደሩበትን ጉዝጓዝ ቀላቅለው ባሰጡበት ሳጥን ውስጥ አብረው አስገቧቸው። ያን ሌሊት ልጅቷ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፋ ሳጥኑ አጠገብ ነው ያደረችው። እናቷ አልከለከለቻትም።

ወንፊቱን አልጣሉትም። ጀርቢል ለጥቂት ቀን ሐኪም ቤት ብታድር ስትመለስ ሌላ ሽታ ይዛ ነው የምትመለሰው፤ እንግዳ ትሆናለች። ስለዚህ ወንፊቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

አያቴ አሁን በደወልኩ ቁጥር ከእኔ ጤና ቀጥላ የምትጠይቀው ስለ አይጦቹ ነው። ባለፈው ሳምንት «ትልቋ ትንሿን ከምግብ ትከለክላታለች?» አለችኝ። አይ፣ አንድ ላይ ነው የሚበሉት አልኳት። ለአፍታ ዝም አለች።

«ጥቁሯ ላም ግን እስክትሞት ድረስ ከልክላታለች» አለችኝ። «እኔ ነኝ ለብቻ የማበላት የነበርኩት።»